ባህርሽ የት ሄደ? ሰባት ቀን በዛንዚባር

ከመነሳታችን በፊት

ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው። ስምንቱንም ዓመት "አንድ ቀን ባህር እናያለን" ስንባባል ኖረናል። ላንጋኖ ገብተናል፤ ጣና ላይ በጀልባ ሄደናል። እነሱ ግን ሐይቅ ናቸው። ዘንድሮ ሰኔ ግም ሲል ባለቤቴ ብድግ አለና "በቃ፣ የዓመት ፈቃድሽን ጠይቂ" አለኝ።

መምረጡ ለኔ ተሰጠ። ኤክሴል ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ በዚህ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ሦስት ስም ጻፍኩ፦ ሲሼልስ፣ ማልዲቭስ፣ ዛንዚባር።

ሲሼልስ ቪዛ አይጠይቅም። የመግቢያ ፈቃድ በኢንተርኔት ሞልቶ መሄድ ነው። የኛው አየር መንገድ ዋናው ደሴት ማሄ ድረስ ይበራል። ግን ፎቶ ላይ የምናያቸው እነዚያ ግራጫ ትልልቅ ድንጋዮች ያሉበት ዝነኛው ዳርቻ ላ ዲግ የሚባል ሌላ ደሴት ላይ ነው። ከማሄ ወደ ፕራስሊን በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከፕራስሊን ወደ ላ ዲግ ደግሞ ሌላ ጀልባ። ጀልባው ይሁን። የአንድ ምሳ ዋጋ ሳይ ግን ያን ገጽ ዘጋሁት።

ማልዲቭስ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሪዞርት ብቻውን አንድ ደሴት ይይዛል። የክፍሉን ዋጋ አይቶ "ኧረ ይቻላል" ማለት ይመጣል። ጉዱ ከአየር ማረፊያው ወደ ደሴቱ የሚወስደው ፈጣን ጀልባ ወይም የባህር አውሮፕላን ነው፤ እሱ ለብቻው ይከፈላል። የባህር አውሮፕላኑ የሚበረው በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ አመሻሽ ላይ የደረሰ ሰው ዋና ከተማው ማሌ ያድራል። ባለቤቴ ከላይ የተነሳውን የደሴቱን ፎቶ አተኩሮ አየና "ከዚህ መውጣት ቢያምረንስ?" አለ።

"የትም አይወጣም።"

"እና እስር ቤት ነው በይኛ!"

ዛንዚባር ቀረች። ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ናት። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዋጋው ይረክሳል፤ ግን ትልቁ ዝናብ ያኔ ነው፣ የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ። ሐምሌ ደረቅና ነፋሻ ነው። ፈረንጆቹም እረፍት የሚወጡት ያኔ ስለሆነ ዋጋው ይወጣል። ከኛ ጭቃ ለመሸሽ ከሆነ ግን ከሐምሌ የተሻለ ወር የለም አልኩና ወሰንኩ።

ሆቴሎቹን በፎቶ መረጥኩ። እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት። ሦስት ሌሊት በምሥራቅ ጠረፍ ጃምቢያኒ፣ ሁለት ሌሊት በሰሜን ኬንድዋ፣ አንድ ሌሊት በአሮጌው ከተማ ስቶን ታውን። የጃምቢያኒው ሆቴል ማስታወቂያ "ከባህሩ ዜሮ ሜትር" ይላል። ፎቶው ላይ ውሃው ደረጃውን ይልሳል። ሌላ ምን እጠይቃለሁ?

ቀን 1፣ ሰኞ

ቦሌ ላይ ባለቤቴ ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ እንዳስገባው ነገረኝ። ዛንዚባር ፌስታል የተከለከለ ነው። ሻንጣው ተመዝኖ ሳይገባ እዚያው ከፍተን በሻሽ ጠቀለልነው። ቪዛውን ከብዙ ሳምንት በፊት ጨርሰናል፤ የቢጫ ወባ ካርዳችንን ይዘናል። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የደሴቷን የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ግድ ሆኗል፤ በነፍስ ወከፍ 44 ዶላር። ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ማለት አይጠቅምም። በኢንተርኔት ከፍለን ነበርና ወረፋው ውስጥ አልቆምንም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ሄዶ የሹፌሩን በር ከፈተ። መሪው በቀኝ ነው። ሹፌሩ ሳቀና "አንተ ትነዳለህ?" አለው።

መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ኮኮናት፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ በየመንደሩ ነጭ ቆብ ያደረጉ አዛውንቶች። ዐሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ሻንጣችንን እንግዳ መቀበያው ላይ ጥለን በሆቴሉ ውስጥ ሮጥን ብል ይቀላል። ባህሩ እውነትም ደረጃው ስር ነው። ቀለሙን ምን ልበለው? ዳር ዳሩ የአተር አረንጓዴ ነው፣ መሀሉ የሚያበራ ሰማያዊ፣ ሩቅ ደግሞ ማዕበሉ የሚሰበርበት አንድ ረጅም ነጭ መስመር አለ። ባለቤቴ ተንበርክኮ ጣቱን ነከረና ቀመሰው።

"ጨው በዝቶበታል" አለ፣ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው።

ሲመሽ ጨረቃ ከባህሩ ውስጥ ወጣች። ሙሉ ናት፤ መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ነጣች፣ ውሃው ላይ እስከ እግራችን ድረስ መንገድ ዘረጋች። ፎቶ አንስቼ ለቤተሰብ ሁሉ ላክሁ። የነገው ጉድ ከእሷ እንደሚመጣ የት አውቄ።

ቀን 2፣ ማክሰኞ

አርፍደን ነቃን፤ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ባለቤቴ መጋረጃውን ገለጠና ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ቀና አልኩ።

"አንቺ፣ ባህርሽ የት ሄደ?"

የለም። ትናንት ውሃ የነበረበት ቦታ እርጥብ አሸዋ፣ ኩሬ ኩሬ፣ በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎች። ያ ነጭ መስመር ብቻ እዚያው ሩቅ ላይ አለ። "ዜሮ ሜትር" የተባለው ባህር ከኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል።

"ባህር ዳር ነው ስትይ ባህር ዳር ብንሄድ አይሻልም ነበር? ጣና እንደሁ አይሄድም።"

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ አልደነገጠም። ከጀርባው የተለጠፈ ወረቀት አሳየን። የየቀኑ የባህር ሰዓት ነው። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ መሙላቱም መጉደሉም ይብሳል፤ ከፍታው እስከ አራት ሜትር ይለዋወጣል። ምሥራቁ ጠረፍ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ሲወርድ ሜዳው ባዶውን ይቀራል። ሰሜኑ ላይ ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ያን ያህል አይርቅም። ይህን ሁሉ በፈገግታ ነገረኝ። ማስታወቂያው ላይ ግን አንድ ቃል የለም፤ ፎቶው የተነሳው በሙላት ሰዓት ነው።

ተናደድኩ። ቁርስ በላሁ። ከዚያ "እንግዲህ የሄደ ባህር ቁጭ ተብሎ አይመለስም" ብለን ተከትለነው ወጣን።

ደግ አደረግን። ሜዳው ባዶ አልነበረም። ሴቶች በየቦታው ጎንበስ ብለዋል፣ ረጃጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው። አሸዋው ላይ አጫጭር እንጨቶች ተተክለዋል፤ ከእንጨት እንጨት ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ላይ እፍኝ እፍኝ የምታህል የባህር ተክል ታስሯል። "ምዋኒ" ይሉታል። አንዲት እናት ስንጠጋ ጓሯቸውን እንደሚያሳይ ሰው ገመዱን ከፍ አድርገው አሳዩን። ቡናማና የሚያንሸራትት ነው፤ ሲጫኑት እንደ ቅርጭጭት ቀጭ ይላል። ደርቆ ወደ ውጭ ይላክና ምግብ ማወፈሪያ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅባት ውስጥ ይገባል። ሥራው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የመጣ ነው፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው። ውሃው እየሞቀ ስለመጣ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየጠፋባቸው ነው። እኔ "ባህሩ ሄደብኝ" ብዬ የተቆጣሁበት ሰዓት ለእነሱ የሥራ ሰዓት ነው። ባህሩ ካልሄደ እርሻቸው ጋ አይደርሱም።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ባለቤቴ ጮኸ። የባህር ጃርት ረግጧል። ያ ጥቁር፣ ክብ፣ እሾህ ብቻ የሆነ ፍጡር ነው። ነጠላ ጫማ አልበቃውም፤ ለዚህ ሜዳ ወፈር ያለ ሶል ያለው የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። እኚያው እናት እግሩን ይዘው አዩና ወደ መንደሩ አመለከቱን። የሆቴሉ ዘበኛ ጥሬ ፓፓያ ሰንጥቀው ወተቱን ቀቡለት። እሾሁ ለቀቀ። ሕመሙ ቀስ እያለ ሄደ፤ ማማረሩ ግን እስከ ማታ ነበር።

ዘበኛው ትልቅ ሰው ናቸው። ባህሩ መቼ እንደሚመለስ በምልክት ጠየቅኳቸው። ዐሥሩንም ጣታቸውን ዘርግተው "ሳ ኩሚ" አሉኝ። ዐሥር ሰዓት። ልጁ ካሳየን ወረቀት ጋር አስተያየሁት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 16 ሰዓት አልፎ ይላል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ልክ እንደኛ ሰዓትን ከንጋት ነው የሚቆጥሩት! ፈረንጅ ሰባት የሚለውን ጠዋት እነሱም "ሳ ሞጃ" ይሉታል፣ አንድ ሰዓት። ሰዓት "ሳ" ነው፣ ደቂቃ "ዳኪካ"። ስድስትና ሰባት "ሲታ" እና "ሳባ"። ለፈረንጅ ሲናገሩ ስድስት ሰዓት እየደመሩ እየቀነሱ ይቸገራሉ። ከኛ ጋር ምንም መደመር የለም። ከአገሬ ውጭ ሰዓቴን በራሴ አቆጣጠር ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።

በሳ ኩሚ ባህሩ መጣ። ሲመጣ አይሮጥም። ኩሬዎቹ ይገናኛሉ፣ ጀልባዎቹ ይቃናሉ፣ ቀና ስትሉ ደረጃው ስር ነው።

ቀን 3፣ ረቡዕ

ነፋስ። ከሰሜን በኩል ፓጄ ላይ ፈረንጆች በትልልቅ ካይት እየተጎተቱ ውሃው ላይ ይበራሉ፤ ለእነሱ ይህ ወር ሠርግ ነው። እኛ መንደር ለመንደር ዞርን። መንደር ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ ነው፤ ነጠላዬ ጠቀመኝ። የጾም ምግብ አላስቸገረንም። በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ በቻፓቲ በላን። ከሽሮ ቀጥሎ ይሄ ነው ብያለሁ። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ገባን፣ እስከ ደረት።

ቀን 4፣ ሐሙስ

ወደ ሰሜን ተዛወርን። መንገድ ላይ ጆዛኒ ጫካ ገብተን ቀይ ጀርባ ያላቸውን ጦጣዎች አየን፤ ዘራቸው ዛንዚባር ብቻ ነው ያለው። ካሜራ ለምደዋል፤ ከኛ ይልቅ እነሱ ሥራ ይበዛባቸዋል።

ከዚያ ኪዚምባኒ አካባቢ ወዳለ የቅመም እርሻ። አስጎብኚው ቅጠል እየቀጠፈ፣ እያሸ፣ "ምንድን ነው?" እያለ ያስሸትታል። ከፊታችን የነበሩት ቱሪስቶች ግራ ተጋብተዋል። እኛ ፈተናውን አለፍን። እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ፣ ሄል። ባለቤቴ አንድ ዛፍ ስር ቆሞ ዘለላ ሮዝ እምቡጥ አሸተተና "ይሄማ የሻይ ቅመም ነው፣ ቅርንፉድ!" አለ። አስጎብኚው "ካራፉ" አለ። ቃሉም ዘመድ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለታችንም ጋ ያደረሰው ዓረብኛው ነው። እኛ የምናውቀው ጥቁሩ ሚስማር ሳያብብ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ የደረቀ እምቡጥ ነው። እርሻው በር ላይ የሚሸጡትን ቅመም ገዛሁ። አትግዙ። ከተማ ውስጥ ዳራጃኒ ገበያ ያንኑ በጣም ርካሽ አገኘሁት።

ኬንድዋ ስንደርስ ማታ ነበር። እጃችን ላይ የፕላስቲክ አምባር አሰሩልን። ኦል ኢንክሉሲቭ ማለት ይሄ ነው፤ ምግቡም መጠጡም ተከፍሏል።

ቀን 5፣ ዓርብ

ጠዋት መጋረጃውን የገለጥኩት እኔ ነኝ። ባህሩ አለ። ምንም አላልኩም፤ ባለቤቴን ብቻ አየሁት።

ኬንድዋ እኔ ከቤቴ ሆኜ ያሰብኩት ባህር ነው። ነጭ አሸዋ፣ ቀኑን ሙሉ የሚዋኙበት ውሃ። የሐምሌው ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣ ይህ የምዕራብ ፊት ጸጥ ይላል። ፀሐይም የምትጠልቀው እዚህ ነው፤ ምሥራቁ ጠረፍ የሚያገኘው መውጫዋን ነው። ልጆች ይዞ የሚመጣ፣ ወይም ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ ወደዚህ እልካለሁ።

ግን ረቡዕና ዓርብ ቆጥሬ አልያዝኩም! የቡፌው ጠረጴዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ በግ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ኬክ ነው። ሁሉን ከፍለን፣ ዓርብ ሆነና፣ ሩዝና ሐብሐብ በላን። ባለቤቴ አምባሩን እያዞረ "ይህቺ ሐብሐብ ስንት ዶላር ደረሰች?" ይላል።

ጠዋት ላይ ወደ ምኔምባ በጀልባ ወጣን። ደሴቲቱ ራሷ የግል ሆቴል ናት፤ ሌላ ሰው አይወርድባትም። የሚኬደው በዙሪያዋ ላለው ኮራል ነው። ወደ ምሥራቅ ስንዞር ነፋሱ አገኘን። ሆዴ ተገለበጠ። የበላሁትን ሐብሐብ ለዓሦቹ መለስኩ። ካፒቴኑ ዝንጅብል ሰጠኝና "ሩቁን እዪ፣ ጀልባዋን አትዪ" አለኝ። ሠራ።

ዋና አልችልም። ላይፍ ጃኬት አጥብቀው አሰሩልኝ፤ መነጽሩን አድርጌ ፊቴን ነከርኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው። ከዚያ እጄ ስር፣ ብዘረጋ የምነካው ቦታ፣ ቢጫና ጥቁር የተሸነተረ ዓሣ ቆሞ ያየኛል። አልሸሸም። ጎኑ ላይ ያለችው ትንሿ ክንፍ ብቻ ትርገበገባለች፣ እንደ ሻማ። እኔ ነኝ ቀድሜ ትንፋሽ ያጠረኝ።

ስንመለስ ለካፒቴኑ የጃምቢያኒን ጉድ ነገርኩት። ሳቀብኝ። ሙሉ ጨረቃ ላይ ያለውን ጊዜ "ባምቩዋ" ይሉታል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ "ማጂ ማፉ" ነው፣ የሞተ ውሃ። ያኔ ባህሩ ብዙም አይሞላ፣ ብዙም አይሄድ። "አንድ ሳምንት ቆይታችሁ ብትመጡ ምሥራቅ ላይ ትዋኙ ነበር" አለ። ሴቶቹን ግን አናገኛቸውም ነበር። የቱ ይሻለኝ እንደነበር እስከ አሁን አልወሰንኩም።

ዳርቻው ላይ አስጎብኚ ነን የሚሉ ልጆች "ጃምቦ! ጃምቦ!" እያሉ አይለቁም። አገሬው ራሱ "ፓፓሲ" ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። አመስግኖ መሄድ ነው፣ መቆም የለም።

ቀን 6፣ ቅዳሜ

ስቶን ታውን። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪና አይገባም፤ ሻንጣ በእጅ፣ ደረጃው ደግሞ ሦስት ፎቅ። የተቀረጹት የእንጨት በሮች ግን ድካሙን ያስረሳሉ። ባህር ዳርቻው ላይ ያለው የ1883 እ.ኤ.አ. ቤተ መንግሥት፣ "የድንቆች ቤት" የሚሉት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ በከፊል ፈርሷል፤ ከውጭ አይተን አለፍን።

ወደ ባሪያ ገበያው ሄድን። ገበያው በ1873 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። በሱልጣኖቹ ቤት ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶች እንደነበሩ አነብ ነበር። እዚያ ቆሜ ሳየው ማንበብ ሌላ፣ ማየት ሌላ ሆነብኝ። እኛን የሚመስል ፊት ፈለግሁ። ባለቤቴም ዝም ብሎ ነበር። ሪዞርት ውስጥ ሰባቱንም ቀን ብንተኛ ይህን አናይም ነበር።

ማታ ፎሮዳኒ፣ የማታው የምግብ ገበያ። ባህሩ ዳር ፋኖስ ተሰቅሎ፣ ጭስ በጭስ። ሸንኮራ በዝንጅብልና በሎሚ ይጨምቃሉ፤ ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ። አንዱ ሻጭ ለባለቤቴ የተጠበሰ ኦክቶፐስ አቀረበለት።

"ስንት እግር አለው?"

"ስምንት።"

"ቅርፊትስ?"

"የለውም።"

"በቃ፣ ለኛ አልተፈቀደም" ብሎ ዶሮ አዘዘ።

ቀን 7፣ እሑድ

አየር ማረፊያ ቁጭ ብለን እህቴ ደወለች። እነሱም ለጥቅምት አስበዋል። "ቶሎ በይኝ፣ የቱን ሆቴል ልያዝ?"

"ሆቴሉን ተዪው። መቼ ነው የምትሄዱት?"

"ምን አገናኘው? ሆቴሉን ንገሪኛ!"

"ያን ሳምንት ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ ላይ ናት?"

ዝም አለች። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደና "ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ደብተራ ታውቂያለሽ?" አላት።

ዘጋችበት።